የአቃቂ እሳት፣ የመሐል ከተማ ቦቴ

አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ትልቅ ድርሻ ያለው ከአቃቂ ምድር የሚወጣው ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በአቃቂ ሜዳ የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ውሃቸውን ሽቅብ ወደ ከተማው ይገፋሉ። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ ወንዞችም የከተማዋን ጎርፍና እድፍ ጠራርገው በዚሁ በኩል ወርደው አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ያርፋሉ። እንዲህ ከላይም ከታችም ውሃ በሞላበት አገር መጋዘን ሲቀጣጠል ግን ቱቦ የያዙት ሰዎች የመጀመሪያ ጭንቀት ውሃ ከየት ይምጣ የሚለው ነው።

ሒሳቡን በቀላሉ መሥራት ይቻላል። አንድ የእሳት አደጋ ቦቴ 10 ሺህ ሊትር ይዞ ደረሰ እንበል። ሠራተኞቹ ሁለት ቱቦ ዘርግተው እያንዳንዱ በደቂቃ 450 ሊትር ቢረጭ፣ ያ ሁሉ ውሃ የሚበቃው ለ11 ደቂቃ ያህል ነው። ለአንዲት ክፍል ቤት ይህ ከበቂ በላይ ሊሆን ይችላል። ለጥጥ ወይም ለስፖንጅ መጋዘን ግን ገና ሥራው መጀመሩ ነው። ሁለተኛው ቦቴ በእነዚያ 11 ደቂቃዎች ውስጥ ካልደረሰ፣ እሳቱ ያፈገፈገበትን ቦታ መልሶ ይይዛል።

ስለዚህ የአቃቂ ቃሊቲን የእሳት አደጋ ሠራተኞች ታሪክ ከጀግንነታቸው ይልቅ ከርቀታቸው መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። አቃቂ ከመሐል አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከተማዋ በደጇ ልታየው ያልወደደችውን ሁሉ፣ ፋብሪካውን፣ የከባድ መኪና ማቆሚያውን፣ የጉምሩክ መጋዘኑን፣ እስር ቤቱን፣ ወደ ደቡብ ስትገፋ ኖራለች። የሚነደው ነገር ወደ አቃቂ ሲወርድ የሚያጠፋው ኃይል ለረጅም ጊዜ መሐል ከተማ ቀረ። የዚህ አካባቢ እሳት ማጥፋት ታሪክ በአብዛኛው ያንን ክፍተት በሰው ጉልበት ለመሙላት የተደረገ ትግል ነው።

ከቦቴው በፊት እሪታ ነበር። አቃቂ የከብትና የጤፍ አገር በነበረችበት ዘመን እሳት ሲነሳ ሰው የሚሰበሰበው በጩኸት ነው። ጉልበት ያለው ጣራ ላይ ወጥቶ ሣሩን ይገፍፋል፤ ሴቶቹ በእንስራ ከወንዝ ይመላለሳሉ፤ ልጆች ከብቱን ፈትተው ያወጣሉ። ዋናው ብልሃት የተያያዘውን ጎጆ ማዳን አልነበረም። እሱ የሄደ ነገር ነው። ብልሃቱ የሚቀጥለውን ጎጆና የጭድ ክምሩን ከእሳቱ መንገድ ማውጣት ነበር። ዛሬ በዘመናዊ ሥልጠና «እሳቱን መገደብ» የሚባለው ይኸው ነው። ሲነጋ ደግሞ ደቦ ተጠርቶ ለተቃጠለበት ሰው አዲስ ጎጆ ይቆማል። ማስጠንቀቂያ፣ ማጥፋትና መልሶ ማቋቋም በአንድ መንደር እጅ የነበሩበት ሥርዓት ነበር፣ ምንም እንኳ ነፋስ በተነሳ ቀን መንደሩን ሙሉ ከመበላት የማያድን ቢሆንም።

ባለሥልጣንም ቢሆን ከሣር ክዳን እሳት አላመለጠም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1884 ዓ.ም. ገደማ፣ የምኒልክ ግቢ ራሱ በእሳት ጠፍቶ እንደገና መሠራት ነበረበት። በሥራው የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ እጅ ነበረበት። ያን ያህል አሽከርና ውሃ ቀጂ የነበረው ቤተ መንግሥት ካልዳነ የተራው ሰው ጎጆ ምን ተስፋ ነበረው? ኋላ ቆርቆሮ ገብቶ ጣራው ሲለወጥ ጸሐፊዎች የሥልጣኔ ምልክት አድርገው አወሩለት። እኔ ግን በዚያ ዘመን ለከተማዋ የተደረገ ትልቁ የእሳት መከላከያ ሥራ ቆርቆሮ ነበር ብል ብዙ የሚከራከረኝ አይመስለኝም። የጭቃው ግድግዳና የቆርቆሮው ጣራ ከጎረቤት የሚበር ፍንጣሪን አያያይዙም።

በሌላው ዓለም እሳት ማጥፋት ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ የሆነው ከተሞች ብዙ ከተቃጠሉ በኋላ ነው። በሮም አውግስጦስ ቄሣር በ6 እ.ኤ.አ. ሌሊት እየዞረ እሳት የሚጠብቅና የሚያጠፋ ጭፍራ አቋቋመ። ለንደን በ1666 እ.ኤ.አ. ለአራት ቀን ነድዳ ከ13 ሺህ በላይ ቤት ካጣች በኋላ፣ የእሳት ማጥፊያ ቡድን ይዘው የተነሱት የመድን ኩባንያዎች ናቸው። በከተማ አስተዳደር ሥር ሁሉንም ነዋሪ እኩል የሚያገለግል ዘመናዊ ቡድን ከቀደሙት አንዷ የስኮትላንዷ ኤድንብራ ናት፤ ጊዜው 1824 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛ አገር መድን ከከተማ አስተዳደር ቀድሞ ሥር ስላልሰደደ ሥራው የወደቀው በማዘጋጃ ቤት ላይ ነው። የዚህ ውጤት እስከ ዛሬ ይታያል። እሳት አደጋ የማዘጋጃ ቤት ልጅ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ባደገበት ያድጋል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ባልደረሰበት አይደርስም።

ወደ አቃቂ እንመለስ። የጅቡቲው ምድር ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ አቃቂም የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች ከሚቆጥሩት ጣቢያዎች አንዷ ሆነች። ከጣልያን ወረራ በፊት ባሉት ዓመታት የአውሮፕላን ማረፊያና የሬዲዮ ጣቢያም እዚሁ ሜዳ ላይ ተተከሉ። መሬቱ ሜዳ ስለሆነ፣ ወንዝ ስላለው፣ ከከተማው ደግሞ ራቅ ስለሚል አመቺ ነበር። ባቡሩ የአቃቂን ዕጣ ወሰነው ማለት ይቻላል። ፋብሪካ የሚፈልገው ጥሬ ዕቃ የሚራገፍበት ሐዲድ፣ ውሃና ሰፊ መሬት ነው። ሦስቱም አንድ ላይ የተገኙት እዚህ ነው።

ከዚያ ክፉው ዘመን መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋን ለቀው ከወጡበት ከሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ጣልያን እስከገባባት እስከ ሚያዝያ 27፣ አዲስ አበባ ተዘረፈች፣ ተቃጠለችም። በዓመቱ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ፋሺስቶች በግራዚያኒ ላይ ለተጣለው ቦምብ በቀል፣ ቤንዚን እያርከፈከፉ የድሃውን ጎጆ ከነነዋሪው አነደዱ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልም እሳት ተለቀቀበት። በእነዚህ ቀናት እሳት አደጋ የሚባል ነገር ትርጉም አልነበረውም። እሳቱን የሚለኩሰው መሣሪያ የያዘው ክፍል ከሆነ ባልዲ ይዞ የሚወጣው ሰው ዒላማ ይሆናል። በኢትዮጵያ ከተሞች ታሪክ ትልልቆቹ ቃጠሎዎች ከምድጃ ሳይሆን ከጦርነት የተነሱ መሆናቸውን የሚረሳ ሰው የእሳት ማጥፊያን ጥቅም በተሳሳተ ሚዛን ይለካል።

ከነጻነት በኋላ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ቀይ መኪናዎቹን ይዞ ሲደራጅ፣ አቃቂ በሰቃ ከከተማው ውጭ፣ የራሷ ማዘጋጃ ቤት ያላት ትንሽ ከተማ ነበረች። የትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ገቢው ከገበያ ቀረጥና ከቦታ ኪራይ ነው፤ በዚህ ገንዘብ መብራትና ቄራ ይሠራል እንጂ ቦቴና መሰላል አይገዛም። ፋብሪካዎቹ ግን አልጠበቁም። በቃሊቲ በጣልያን ዘመን የተተከለው የምግብ ፋብሪካ ዱቄት፣ ፓስታና ብስኩት ያመርት ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሕንዱ የቢርላ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ጋር በሽርክና የአቃቂን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አቋቋመ። ሕንድ ከአገሯ ውጭ ካቋቋመቻቸው የሽርክና ፋብሪካዎች ቀዳሚው ተብሎ የሚጠቀስ ነው። በ1960ዎቹ የቃሊቲ ብረታ ብረት ተከተለ። ከአብዮቱ በኋላ በ1967 ዓ.ም. ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ተወርሰው የመንግሥት ሆኑ፤ ኋላ ላይ ደግሞ የአቃቂ መሣሪያና መለዋወጫ ፋብሪካ ተጨመረ።

እነዚህ ፋብሪካዎች በእሳት ማጥፊያ ሰው ዓይን እያንዳንዳቸው የተለየ ጠባይ አላቸው። የጥጥ ጥቅል ላዩ ጠፍቶ ውስጡ ለቀናት ይጨሳል፤ ፈትቶ፣ በትኖ፣ እያንዳንዱን ጭብጥ አርሶ ካልሆነ አይሞትም። ስለዚህ የጥጥ እሳት «ጠፋ» ከተባለ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ዘብ የሚቆምለት አንድ ቡድን ይፈልጋል። የዱቄት ፋብሪካ በተቃራኒው ጸጥ ያለ ይመስላል። ነገር ግን በአየር ላይ የተንሳፈፈ የዱቄት ብናኝ አንዲት ፍንጣሪ ካገኘ እንደ ባሩድ ይፈነዳል። ብረት ደግሞ አይነድም ተብሎ ይታመናል። ግን ከ550 እስከ 600 ዲግሪ ሲሞቅ ከጥንካሬው ግማሽ ያህሉን ያጣል። በቃሊቲ የሚታዩት በብረት ምሰሶና በቆርቆሮ የተሠሩ መጋዘኖች ጣራቸው ሳይታሰብ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው። ልምድ ያለው ሠራተኛ ጣራው ጎብጦ ካየ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ባለንብረቱ «ገንዘቤ ውስጥ ነው» እያለ ቢጮህም።

በዚያ ዘመን የመጀመሪያውን እሳት የሚያጠፋው የፋብሪካው የራሱ ሰው ነበር፤ አሁንም በብዙ ቦታ እንደዚያው ነው። ጥበቃው፣ መካኒኩ፣ የፈረቃ ኃላፊው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቀይ ሲሊንደር፣ አሸዋ የተሞላ ባልዲ፣ አንድ የቱቦ መንኮራኩር። ስማቸው በየትኛውም የእሳት አደጋ መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ ሥራቸው ከተሳካ እሳት ተነሳ የሚል ሪፖርትም አይጻፍም። የእሳት ማጥፋት ታሪክ የሚጻፈው በተሸነፉ ቀናት ስለሆነ ያሸነፉት ሰዎች ከታሪኩ ይወጣሉ።

የፋብሪካ እሳት በሰው ላይ የሚያደርሰውን ዓለም የተማረው በኒውዮርክ ነው። በመጋቢት 1911 እ.ኤ.አ. በትሪያንግል የሸሚዝ ፋብሪካ 146 ሠራተኞች ሞቱ፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች። የእሳት አደጋ መኪናዎቹ በደቂቃዎች ውስጥ ደርሰው ነበር፤ ችግሩ መሰላላቸው እሳቱ ያለበት ፎቅ አለመድረሱና አንደኛው በር ሠራተኞች እንዳይሰርቁ ተብሎ መቆለፉ ነበር። ዛሬ በቃሊቲ አካባቢ መጋዘን የሚጠብቅ ማንኛውም ሰው ይህን የበር ቁልፍ ነገር ሲሰማ አዲስ አይሆንበትም። ሌባ መፍራት ከእሳት መፍራት ሁልጊዜ ይቀድማል። ሌባ በየሳምንቱ ይመጣል፣ እሳት ግን የሌላ ሰው ነገር ይመስላል።

ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ከገባ ገና አንድ ሳምንት ሲሆነው፣ በከተማዋ ደቡባዊ ክፍል የነበረ የጥይት ግምጃ ቤት ፈነዳ። በዙሪያው ያለው ሰፈር ፈረሰ፣ ብዙ ሰው ሞተ። የ1977ቱን ረሃብ ለዓለም ያሳየው ካሜራማን መሐመድ አሚን አንድ ክንዱን ያጣው፣ አብሮት የነበረው የድምፅ ባለሙያ ጆን ማታይም የሞተው እዚያ ነው። ጥይት እየፈነዳ ያለ ቃጠሎ ለእሳት አደጋ ሠራተኛ ሊቀርቡት የማይቻል ነገር ነው። ውሃ ይዞ መጠጋት ማለት ወደ ተኩስ መሄድ ነው፤ ያለው አማራጭ ሰው ማራቅና ራሱን በልቶ እስኪጨርስ መጠበቅ ነው። የደቡብ አዲስ አበባ ሰው ያን ንጋት እስከ ዛሬ ያወራል።

አቃቂ ወደ አዲስ አበባ ከተጠቃለለችና በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በአሥር ክፍለ ከተማ ስትደራጅ ከቃሊቲ ጋር አንድ ክፍለ ከተማ ከሆነች በኋላ፣ 118 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መሬት ለአንድ ቅርንጫፍ የእሳት አደጋ ጣቢያ ተሰጠ። መሥሪያ ቤቱ ስሙን ደጋግሞ ለውጧል። አንድ ጊዜ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ መከላከልና መቆጣጠር ባለሥልጣን፣ አሁን ደግሞ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነው። ሕዝቡ ግን «እሳት አደጋ» ከሚለው አልተንቀሳቀሰም። «እሳት አደጋ ጥሩ!» ሲባል ማንም ይገባዋል። ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን ድምፅ የሚያውቀው ለዓመታት በኮሙኒኬሽን ኃላፊነት የሠሩት አቶ ንጋቱ ማሞ በሚሰጡት መግለጫ ነው። የት እንደተነሳ፣ ስንት መኪና እንደተሰማራ፣ ምን ያህል ንብረት እንደዳነ። አጭርና ደረቅ ነው፣ ግን ለከተማዋ የእሳት ታሪክ ከዚያ የተሻለ ቀጣይ መዝገብ ያለን አይመስለኝም።

ጥሪው በ939 ይገባል። ደዋዩ ብዙውን ጊዜ ይጮኻል፤ ስልክ ተቀባዩ ማወቅ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ የት፣ ምን ይነድዳል፣ ውስጥ ሰው አለ ወይ። «የት» የሚለው ከሁሉም ይከብዳል። የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም በማይሠራበት ከተማ አድራሻው «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ» ነው። የሐሰት ጥሪ አለ፤ ልጅ የሚጫወትበት፣ ሰካራም የሚቀልድበት። መኪናው ከወጣ በኋላ ደግሞ መንገዱ ይቀራል። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቃሊቲ ድረስ የሚሄደው ቀላል ባቡር ለተጓዡ ጥሩ አገልግሎት ቢሆንም በአጥር መንገዱን ለሁለት ስለሚከፍል፣ እሳቱን በዓይኑ እያየ ዞሮ የሚመጣ ሾፌር ብርቅ አይደለም። ከጅቡቲ የሚገቡት ከባድ መኪናዎችና ነዳጅ ጫኝ ቦቴዎችም ለዓመታት ያለፉት በዚሁ በር ነው። ክረምት ላይ ወደ ውስጥ ሰፈር ከታጠፉ በኋላ የሚቀበለው የአቃቂ መረሬ፣ ሙሉ ውሃ የያዘ መኪና ይዞ አይለቅም።

መንስኤውን ሲጠይቁ ሰው ሁሉ «ኮንታክት ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ አንድ መስመር ላይ ምጣድ፣ ምድጃና ብየዳ ተደራርቦ ሽቦው ይግላል። አንዳንዴ ግን «ኮንታክት» ማለት ማንንም የማይወቅስ መልስ ማለት ነው። ሻማ ረስቶ የወጣ ሰው፣ የጋዝ ሲሊንደር ሳይዘጋ የተኛ ሰው፣ በጥጥ ክምር አጠገብ ያጨሰ ጥበቃ፣ ሁሉም ከዚያች ቃል ጀርባ ይሸሸጋል።

ስለ ወንዙ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው «ወንዝ አጠገባቸው እያለ ውሃ አጡ» ብሎ ሲያማ ስለሚሰማ። ፓምፕ ውሃን የሚስበው በአየር ግፊት እርዳታ ነው። በባሕር ጠለል ላይ ያለው የአየር ግፊት ውሃን ቢበዛ ወደ 10 ሜትር ከፍታ ይገፋል። አቃቂ ግን 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ልኩ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል፣ በሥራ ላይ ሲውል ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የአቃቂ ወንዝ ደግሞ ብዙ ቦታ በገደል ውስጥ ነው የሚሄደው፤ መኪናው ከአፋፉ ላይ ቆሞ የሚስበው ውሃ አይደለም። ውሃው ራሱ ደለልና የፕላስቲክ ቆሻሻ የተሞላ በመሆኑ የመሳቢያውን ወንፊት ወዲያው ይደፍነዋል። መፍትሔው ከባድ አይመስለኝም፤ በአቃቂ የውሃ ጉድጓዶች ጣቢያዎችና በድልድዮቹ አጠገብ ለቦቴ መቅጃ የሚሆኑ ወፍራም መውጫዎችና መኪና የሚቆምበት ጠንካራ መደብ ቢሠራ፣ አንድ ቦቴ ተመልሶ የሚሞላበት ጊዜ በብዙ ያጥራል። ገንዘቡ ከአንድ አዲስ መኪና ዋጋ ይበልጣል ብዬ አላምንም።

የስፖንጅ ፍራሽ፣ የፕላስቲክና የቀለም መጋዘን ከሁሉ የሚፈራ ነው። ስፖንጁ ሲነድ በደቂቃዎች ውስጥ ክፍሉን ሁሉ ያቀጣጥላል፤ ጭሱ ውስጥ ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር ሳያናይድ አለ። ሠራተኛው ጀርባው ላይ የተሸከመው አየር በተለመደው አሠራር ለግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ሲደነግጥና ሲሮጥ ግን ቶሎ ያልቃል። ለዚህ ነው ነገሩን የማያውቅ ተመልካች «ቆመው ያያሉ» የሚለው። በውጭ ቆሞ ውሃ መርጨት ፍርሃት አይደለም፤ ውስጥ ሰው ከሌለ ለስፖንጅ ብሎ ሠራተኛ የሚያስገባ አዛዥ ጥሩ አዛዥ አይደለም። ሕዝቡ ግን ይበሳጫል። «አሁን ነው የምትመጡት?» ተብሎ የተሰደበና ድንጋይ የተወረወረበት ቡድን ጥቂት አይደለም። የተሳዳቢውን ሰው ንዴት ግን እረዳዋለሁ፤ ዕድሜ ልኩን የሠራበት ነገር በዓይኑ ፊት እየሄደ ነው፤ ድንጋዩን የሚወረውረውም በርቀቱ ላይ ነው።

በቂሊንጦ የሆነው ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ቅዳሜ ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ አገሪቱ በተቃውሞ ስትናጥ በነበረበት ጊዜ፣ በዚሁ ክፍለ ከተማ ባለው የቂሊንጦ ማረሚያ ቤት እሳት ተነሳ። ተኩስ ተሰማ፤ ቤተሰብ ለቀናት የልጁን ስም ፍለጋ በር ላይ ቆመ። መንግሥት በመጨረሻ የሰጠው ቁጥር 23 እስረኞች ሞቱ የሚል ነው፤ 21ዱ በመረጋገጥና በጭስ ታፍነው፣ ሁለቱ ሊያመልጡ ሲሉ ተገድለው። በኋላ 38 እስረኞች እሳቱን በማስነሳት ተከሰሱ። እዚህ ላይ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሚና ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ይታያል። ቱቦው በእጁ ነው፤ የበሩ ቁልፍ ግን በሌላ ሰው እጅ ነው፣ ውስጥ ገብቶ ሰው የማውጣት ትእዛዙም እንዲሁ። እስር ቤት ውስጥ ያለ ሰው ከእሳት የሚድነው ወይ የሚሞተው ቦቴው ከመድረሱ በፊት በር በመከፈቱና ባለመከፈቱ ነው። ይህ በሰላም ጊዜ የሚወሰን ነገር ነው፤ ስንት መውጫ አለ፣ ማን ይከፍታል፣ በምን ምልክት።

ሌላው ሥራቸው ከእሳት ጋር አይገናኝም፤ ክረምት ላይማ ከእሳቱ ይበዛል። አቃቂ ቃሊቲ ድንጋይና ጠጠር የሚወጣባት አገር ስለሆነች የተተወው ካባ ሁሉ በሰኔና በሐምሌ ውሃ ይሞላል። ሕፃናት ይዋኙበታል። ላዩ ሞቅ ያለ ነው፣ ሥሩ ቀዝቃዛና ገደላማ ነው። የኮሚሽኑ ጠላቂ ዋናተኞች ተጠርተው የሚያወጡት ብዙ ጊዜ አስከሬን ነው። የመፀዳጃ ጉድጓድ ለማጽዳት የገባ ሰው በመርዛማ ጋዝ ይወድቃል፤ ሊያወጣው የገባውም ይደግማል፤ ሦስተኛውን የሚያስቆመው እሳት አደጋ ነው። ወንዙ ሞልቶ ዳር ያሉ ቤቶችን ሲወስድ፣ የጭነት መኪና ተገልብጦ ሾፌሩ ብረት ውስጥ ሲያዝ፣ ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ የተኛ ቤተሰብ ሲታፈን የሚደወለው ለዚያው ቁጥር ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ረጲ ላይ ቆሼ የሚባለው የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው በቀበረ ጊዜ ለቀናት ቆሻሻ ሲቆፍሩ ከነበሩት መካከል እነሱ ነበሩ። «እሳት» የሚለው ከስማቸው ባይወጣም ሥራቸው የሰው ልጅ በገዛ ከተማው ውስጥ የሚወድቅበትን ጉድጓድ ሁሉ መከተል ሆኗል።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ ከተማው ሁሉ በስልኩ ተመለከተ። ጠባብ መንገድ፣ በዕቃ የታጨቀ ፎቅ፣ ተደራርቦ የተሠራ ሱቅ። ከዚያ በፊት ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. የጣይቱ ሆቴል ቃጠሎ የከተማዋን ቅርስና የጃዝአምባን መድረክ ሲበላ ሰው ተመሳሳይ ቁጭት ተናግሮ ነበር። የእነዚህ ቃጠሎዎች ዜና ሲረግብ ስለ መርካቶ ብዙ ይባላል፣ ስለ ቃሊቲ ግን ጥቂት። የመርካቶ ሸቀጥ ግን ከመርካቶ በፊት በቃሊቲ መጋዘን ውስጥ አድሯል። የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃ የእሳት ጥንቃቄ እንዲኖረው አዘዘ። ችግሩ አዋጁ የተጻፈው ለሕንፃ ነው፤ የቃሊቲ እሳት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ማንም ሕንፃ ብሎ በማይቆጥረው በቆርቆሮ ታዛ፣ ለጥቂት ወር ተብሎ በተከራየ መጋዘን፣ ከመኖሪያ ግቢ ጋር በተለጠፈ ብየዳ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ተቆጣጣሪ ፈቃድ ያለውን ፋብሪካ ሄዶ ማየት ይችላል፤ ፈቃድ የሌለውን ሄዶ የሚያይ ግን እሳት ብቻ ነው።

ክፍለ ከተማው ደግሞ እየሰፋ ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ቂሊንጦ፣ ገላን ጉራ፤ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከጤፍ ማሳ ወደ ኮንዶሚኒየም የተለወጡ ሰፈሮች ናቸው። አዲሱ ነዋሪ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጋዝ ሲሊንደር ይዞ ይወጣል፤ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜል ይሞላል። ያ በርሜል፣ የቤቱ ባለቤት ሳታስበው፣ የሰፈሩ የመጀመሪያ የእሳት መከላከያ ነው። ዕድር ያለበት ብሎክ ላይ ሰው ይጠራራል፣ ባልዲ ይቀባበላል፤ ገና ያልተዋወቁ ሰዎች በገቡበት ብሎክ ግን በር እየዘጉ ወደ ስልክ ይሮጣሉ። የድሮው የአቃቂ እሪታ ባለበት ቦታ ሁሉ ቦቴው ሲደርስ ግማሹ ሥራ ተሠርቶ ይቆየዋል።

ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ሲሉ የአስተዳደር ወሰን ይመጣል። ማዶ ገላን ነው፣ ቀጥሎ ዱከም፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ገላን በሸገር ከተማ ሥር ነው። ፋብሪካዎቹ ግን ወሰን አያውቁም፤ ከቃሊቲ ጀምሮ በአንድ መንገድ ተሰልፈው ወደ ሞጆ አቅጣጫ ይወርዳሉ። የአዲስ አበባ እሳት አደጋ በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ለሚነሳ ቃጠሎ ሲጠራ መሄድ የቆየ ልማዱ ነው፤ ማንም ሰው እሳት እያየ ወሰን አይጠይቅም። ነገር ግን ሁለት መኪና ገላን ላይ ተጠምደው ባሉበት ሰዓት ቃሊቲ ውስጥ ሌላ መጋዘን ቢነሳ የሚመጣው እርዳታ ከመሐል ከተማ ነው። ሁለቱ አስተዳደሮች በገላንና በአቃቂ መካከል አንድ የጋራ ጣቢያ ቢተክሉ፣ ወጪውን በሚያገለግሉት ፋብሪካ ቁጥር ቢከፋፈሉ፣ የጥሪ ማዕከሎቻቸውንም ቢያገናኙ ለሁለቱም ይበጃል። ከፋብሪካዎቹ ግብር ለሚሰበስብ አስተዳደር ይህ የልግስና ነገር አይደለም። መሬቱ ከተገኘ መጀመሪያ መወሰን ያለበት ጣቢያው ከየትኛው የጉድጓድ ውሃ መስመር እንደሚሞላ ነው፤ የመኪናው ቀለምና የሚጻፍበት የአስተዳደር ስም በኋላ ይደረስበታል።